ኒውዮርክ ስታይል ዴሊ ውስጥ ብራንች እንዴት ይበላል (ኒውዮርክ ሳትሄዱ)

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። በርሊን እያለሁ ነው፣ እሁድ ጠዋት አንድ የኒውዮርክ ስታይል ዴሊ ገባሁና ሜኑውን ሳይ «ኤቭሪቲንግ ቤግል» ይላል፣ ዋጋው ደሞ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ። አሃ፣ ሁሉም ነገር ያለበት ይሄ ነው፣ ሳልመኑም ቺዙም እንቁላሉም ገብቶበት በዚህ ዋጋ ብዬ ተንቀባርሬ አዘዝኩ። መጣ። ባዶ ቤግል፣ ያ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ዳቦ! ላዩ ላይ ሰሊጥ ምናምን ተበትኖበታል እንጂ ከፍቼ ሳየው ውስጡ ምንም የለም፣ ልጅቷን ጠርቼ «ሌላውስ?» ስላት ሳቋን ዋጥ አርጋ «ኤቭሪቲንግ ማለትኮ ላዩ ላይ ያለው ነው» አለችኝ። ሰሊጥ፣ ፖፒ የሚባለው ደቃቅ ጥቁር ፍሬ፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ የደረቀ ቀይ ሽንኩርትና ጨው፣ በቃ እሱ ነው ኤቭሪቲንጉ። ምን ላርግ፣ ደረቁን በቡና አወራረድኩት።

ከዛ በኋላ በየሄድኩበት አገር ዴሊ ሳገኝ ሳልገባ አላልፍም፣ ለንደንም ሞንትሪያልም ኒውዮርክም ገብቼ በልቻለሁ፣ እና የገባኝ ነገር እዚህ ቤት ሰው ሚከስረው ትዕዛዙ ላይ ነው። ምግቡ አሪፍ ሆኖ ሳለ በስህተት አዞ ተናዶ ሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚታዘዝ በደንብ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ብራንች ቁርስና ምሳ ባንድ ላይ ማለት ነው፣ ዴሊ ምንድነው ለምትሉ ደሞ ቃሉ ዴሊካቴሰን ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው፣ ምርጥ ምርጥ የሚበላ ነገር እንደማለት። አሁን ምናወራለት ዓይነት ቤት ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒውዮርክ የተሰደዱ አይሁዶች ያስፋፉት ነው። ካትስ የሚባለው ታዋቂው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ አለ፣ አሁንም ሰው ይሰለፍበታል። ደሞ ድሮ ሱቁ ሁለት ዓይነት ነበር፣ ስጋ ሚሸጠው ዴሊ ሲባል ዓሣና ቺዝ ሚሸጠው «አፒታይዚንግ» ይባል ነበር (ረስ ኤንድ ዶተርስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ያለው ቤት የዚህኛው ዓይነት ነው)። የተለዩበት ምክንያት በአይሁድ የምግብ ሕግ (ሕጉን የጠበቀው ምግብ ኮሸር ይባላል) ስጋና የወተት ተዋጽኦ አንድ ላይ ስለማይበላ ነው፣ ዓሣ ግን ከወተት ጋር ይሄዳል፣ ለዛ ነው ሳልመን ከክሬም ቺዝ ጋር ተጋብቶ ሚኖረው።

ዛሬ በየአገሩ ምታገኟቸው ብዙዎቹ ሁለቱንም ደባልቀው ነው ሚሸጡት። «ኮሸር ስታይል» የሚል ካያችሁ ጣዕሙ ነው እንጂ ሕጉ አይደለም፣ ቤከን ራሱ ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ አሳማ የማትበሉ ከሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ። የምር ኮሸር የሆነ ቤት የምስክር ወረቀቱን ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቅላል፣ ቅዳሜ ደሞ ዝግ ነው፣ የቅዳሜ ብራንች ቀጥራችሁ በሩ ላይ እንዳትቀሩ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ብራንች የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ነው ይባላል፣ ሐሳቡም ቅዳሜ ማታ ያመሸ ሰው እሁድ ጠዋት በጊዜ አይነሳ የሚል ነበር፣ እግዜር ይስጠው። ችግሩ ሁሉም ሰው እንደሱ አስቦ ከጠዋቱ አምስት ተኩል ላይ ይመጣል። እኔ አራት ሰዓት ላይ ነው ምገባው፣ ቤግሉም ትኩስ ነው ወንበርም አለ። ስትገቡ ደሞ ዝም ብላችሁ ረጅሙ ሰልፍ ላይ አትቁሙ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፣ አንዱ ይዞ ለሚሄድ አንዱ ቁጭ ብሎ ለሚበላ። ቁጥር ሚሰጥ ማሽን በሩ አካባቢ ካለ ቀድማችሁ ቁጥር ያዙ። ኒውዮርክ ካትስ ከገባችሁማ በሩ ላይ ቲኬት ይሰጧችኋል፣ ያዘዛችሁት እሱ ላይ ይጻፋል፣ ስትወጡ ታሳያላችሁ፣ ምንም ባትበሉም መመለስ አለባችሁ፣ ከጠፋባችሁ ያስከፍላሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ቤግል።

ቤግል ቀዳዳ ያለው ዳቦ ብቻ አይደለም፣ ሊጡ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል ከዛ ነው ኦቨን ሚገባው። መቀቀሉ ነው ላዩን ሚያብለጨልጨውና ውስጡን ጥርስ ላይ እምቢ ሚያስብለው። ይሄን ሳያረጉ በእንፋሎት ብቻ አልፈው ሚጋግሩ አሉ፣ እሱ ለስላሳ ዳቦ ነው፣ ክብ ስለሆነ ቤግል አይሆንም። እኔ መስታወቱ ጋ ጎንበስ ብዬ ላዩን ነው ማየው፣ አብለጭልጮ ትናንሽ ውሃ የቋጠረ ሚመስል ነገር ካለው ይሁን እላለሁ። ከዛ ቆርሳችሁ ስትስቡት ወዲያው ብጥስ ካለ ተበልታችኋል፣ ትንሽ መለጠጥና መታገል አለበት።

ሞንትሪያል ከሆናችሁ ሌላ ነው፣ እዛ በማር ውሃ ቀቅለው በእንጨት እሳት ነው ሚጋግሩት፣ አነስ ይላል፣ ጣፈጥ ይላል፣ ቀዳዳውም ሰፋ ያለ ነው። የኒውዮርክና የሞንትሪያል ሰዎች በዚህ ነገር ተጨቃጭቀው አያባሩም፣ እኔ ባዶውን ምበላ ከሆነ የሞንትሪያሉን፣ ከሳልመን ጋር ከሆነ የኒውዮርኩን። ለንደን ደሞ ብሪክ ሌን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሚሸጥበት ቤት አለ፣ እዛ የጨው ስጋ በሰናፍጭ ሞልተው ይሰጧችኋል፣ ለንደን ሄዳችሁ እሱን ሳትበሉ እንዳትመለሱ።

ትኩስ ቤግል አይጠበስም እሺ? «ቶስትድ?» ብለው ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው?» በሏቸው። ከኦቨን የወጣው በቅርብ ከሆነ ይቅር፣ ከቆየ ይጠበስ። ብዙ ሰው በልማድ የስ ይላል፣ ከዛ ደርቆ ድዱን ይቧጥጠዋል። (በነገራችን ላይ ሥራ ቦታ የድራግ ምርመራ ያለባችሁ ሰዎች ፖፒ ያለበትን ተዉት፣ ፍሬው ከኦፒየም ተክል ነው፣ ቀልድ አይደለም፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ወታደሮቹን ፖፒ አትብሉ ብሏል፣ ምርመራው ላይ ሊታይ ስለሚችል።)

ሳልመኑ ላይ ደሞ ስሙን እወቁ። «ሎክስ» ድሮ በትክክል ሲባል በጨው ብቻ የተዘጋጀ፣ ጭስ ያልነካው ነው፣ በጣም ጨዋማ። «ኖቫ» ደሞ ቀለል ባለ ጨው ተይዞ በቀዝቃዛ ጭስ የታጨሰው ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ ሎክስ ብለው ኖቫውን ነው ሚሰጧችሁ፣ ጉዳት የለውም፣ ግን ሁለቱንም ለይቶ ሚሸጥ ቤት ከገባችሁና የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ኖቫ በሉ። የጨው ነገር ለማይስማማው ሰው ሎክሱ ይከብዳል።

አበላሉ፣ ሳንዱች አርጋችሁ አትክደኑት። ግማሽ ግማሹን ለየብቻ ክፍት አርጋችሁ ብሉት፣ አለበለዚያ ስትነክሱት ቺዙ በጎን ይወጣል ሳልመኑ ተስቦ ይቀራል። መጀመሪያ ክሬም ቺዙን ቀቡ፣ ስስ አርጉት፣ እነሱ እኮ ጣት የሚያህል ነው ሚከምሩት፣ ስለዚህ ስታዙ ቺዙን ለብቻው አምጡልኝ ማለት ይቻላል። ከዛ ኬፐርሱን፣ ያቺን ትንሽዬ አረንጓዴ ኮምጣጣ ፍሬ፣ ቺዙ ላይ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አርጓት። ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ ከሳልመኑ በላይ ይበትናታል፣ ከዛ በመጀመሪያው ጉርሻ ተንከባላ ጠረጴዛ ስር ናት። ከኬፐርሱ በላይ ሳልመኑ፣ ከዛ እንደ ወረቀት የሳሳ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ጠብ። ጨው እንዳትጨምሩ፣ ሳልመኑም ኬፐርሱም ጨው ናቸው።

ስጋውን ምትመርጡ ከሆነ ሦስት ስም ያዙ። ኮርንድ ቢፍ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ የተቀቀለ ነው፣ በቆሎ የለበትም፣ ኮርን ሚሉት የጨዉን እንክብል ነው። ፓስትራሚ ከሮማኒያ አይሁዶች ጋር የመጣ ነው፣ እሱም በጨው ይያዝና በቁንዶ በርበሬና በድንብላል ተለውሶ ይታጨሳል፣ ከመቅረቡ በፊት ደሞ በእንፋሎት ይበስላል። የሞንትሪያሉ «ስሞክድ ሚት» የፓስትራሚ ዘመድ ነው፣ ስኳሩ ያነሰ፣ ቅመሙ የጠነከረ። የቱ ይሻላል ካላችሁኝ ፓስትራሚ፣ አልደራደርም።

ወደ ካውንተሩ ጠጋ ብላችሁ ቆራጩን እዩት። ጥሩ ቤት በእጅ ነው ሚቆርጠው። ስጋውን ከእንፋሎቱ ውስጥ በሹካ ያወጣዋል፣ ላዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ቢላው ሲገባ ውስጡ ቀይ ሆኖ ጭሱ ወደ ላይ ቡን ይላል፣ ቁራጩም ወፈር ስለሚል በራሱ ክብደት ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይፈረካከሳል። በማሽን እንደ ወረቀት እየቀጠነ ሚደረደር ከሆነ ግን እዛ ቤት ቤግል በልታችሁ ውጡ። ሲጠይቃችሁ «ሊን» እንዳትሉ ብዬ ለምኛችኋለሁ፣ ያለ ስቡ ደረቅ ነው፣ «ሚዲየም» በሉ። አንዳንድ ቦታ ቆራጩ ቁራጭ ያቀምሳችኋል፣ ካላቀመሰም «ልቅመስ?» ብትሉት ነውር አይደለም። ዳቦው ራይ ከሚባለው ስንዴ መሰል እህል የሚጋገረው ነው፣ ከሱ ጋር ሰናፍጭ። ማዮኔዝ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል፣ ግን አስተያየታቸውን ታዩታላችሁ።

ቺዝ የቀለጠበትን ምትፈልጉ ሩበን የሚባለውን ሳንዱች እዘዙ፣ ኮርንድ ቢፍ፣ ስዊስ ቺዝ፣ ሳወርክራውት የሚባለው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና ድሬሲንግ ነው፣ ስጋና ቺዝ ስላለው ኮሸር ቤት አታገኙትም።

መጠኑ! አንድ ሳንዱች ለሁለት ሰው ይበቃል፣ የምሬን ነው። ለሁለት ከሆናችሁ አንድ የፓስትራሚ ሳንዱች፣ አንድ ቤግል በሳልመን፣ አንድ ሾርባ፣ ከዛ አቁሙ። ለሼር ምትቀረጥ ትንሽ ሂሳብ ያላቸው ቤቶች አሉ፣ ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ትጻፋለች፣ እያያችሁ። ሾርባው ማትዞ ቦል የሚሉት ነው፣ የዶሮ ሾርባ ውስጥ ያለ እርሾ ከተጋገረ ቂጣ ዱቄት የተሰራ ኳስ፣ ሀንግኦቨር ላለበት ሰው መድኃኒት ነው። እንቁላል ካላችሁ ሳልመንና ሽንኩርት ገብቶበት ሚመታው አለ፣ እሱን። ላትኬ የተፈቀፈቀ ድንች ጥብስ ነው፣ በአፕል ሶስ ወይ በሳወር ክሪም ይመጣል፣ ትኩሱን ካልሆነ አትንኩት። ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጠው ፒክል ደሞ ሁለት ዓይነት ነው፣ ደማቅ አረንጓዴው ገና ብዙ ያልኮመጠጠ ነው፣ የወየበው በደንብ የኮመጠጠው፣ ከፓስትራሚ ጋር ሁለተኛው ነው ሚሄደው።

መጠጥ ቡና ይበቃል። ለመሞከር ያህል «ኤግ ክሪም» አለ፣ እንቁላልም ክሬምም የለበትም፣ ወተት፣ የቸኮሌት ሲረፕና ጋዝ ያለው ውሃ ነው፣ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። ሴል ሬይ የሚባል የሰለሪ ሶዳም አለ፣ አንዴ ቀምሼዋለሁ፣ አንዴ ይበቃል።

ቢሉ ላይ እንዳትደነግጡ አገሩን እወቁ። ኒውዮርክ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ የለበትም፣ 8.875 በመቶ ይጨመርበታል፣ ከዛ አስተናጋጅ ካስተናገዳችሁ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጠበቃል፣ ማለት 20 ዶላር ያላችሁት ነገር 25 ተሻግሮ ነው ሚመጣው። ሞንትሪያልም እንደዛው፣ ሁለቱ ታክስ ሲደመር 15 በመቶ አካባቢ። ለንደን ታክሱ ውስጡ ነው፣ ግን 12.5 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ብዙ ጊዜ ቢሉ ላይ ይገባል፣ ከገባ ድጋሚ ቲፕ አያስፈልግም። በርሊን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ሳይሆን ስትከፍሉ ነው ጠቅላላውን ምትነግሯቸው፣ 27 ዩሮ ከሆነ «30» ትላላችሁ አለቀ፣ ውሃ ደሞ ነጻ መስሏችሁ እንዳታዙ፣ በጠርሙስ መጥቶ ይቆጠራል። ቶኪዮ ቲፕ የለም፣ ብትተዉላቸው ረስታችሁ ነው ብለው ሊያሯሩጧችሁ ይችላሉ።

ሚተርፍ መትረፉ አይቀርም፣ አስጠቅልሉ። ፓስትራሚውን ከዳቦው ለይታችሁ ያዙ፣ አንድ ላይ ካደረ ዳቦው ይረጥባል። ማታ ስትፈልጉት ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳትከቱት ጫማ ነው ሚሆነው፣ ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ አፍልታችሁ ከላይ በወንፊት አርጋችሁ በእንፋሎት አሙቁት። ቤግሉን ደሞ ፍሪጅ አታስገቡት፣ ያደርቀዋል። ከመሃል ሰንጥቃችሁ ፍሪዘር፣ ጠዋት ከፍሪዘር አውጥታችሁ ቀጥታ ቶስተር ውስጥ፣ መጀመሪያ መሰንጠቁን ከረሳችሁ ግን እንደኔ ድንጋይ ይዛችሁ በቢላ ስትታገሉ ትገኛላችሁ።