የእሱ ቦርጭ፣ የእሷ ዳሌ፦ ስለ ስብና ስኳር ልናርማቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው እሁድ እዚህ ጅማ ወንድሜ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። ወሬው ስኳር በሽታ ላይ ደረሰ። አክስታችን ወዲያው ወደ ወንድሜ ባለቤት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ዳሌሽ እየሰፋ ነው፤ ሄደሽ ተመርመሪ» አሏት። ወንድሜ አጠገቧ ተቀምጧል። ክንዱና እግሩ ቀጫጭን ናቸው፤ ቦርጩ ግን ከቀበቶው አልፎ ወጥቷል። እሱን ማንም ተመርመር አላለውም። «ተመችቶሃል» ተባለ እንጂ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው።

አንደኛው ስህተት፦ ስብን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉም የሚጎዳን ይሄ ይመስለኛል። ዣን ቫግ የሚባል የፈረንሳይ፣ የማርሴይ ከተማ ሐኪም በ1947 (እ.ኤ.አ.) ልዩነቱን ጽፎታል። ሆድና የላይኛው አካል ላይ የሚከማቸውን የወንድ ዓይነት፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚከማቸውን የሴት ዓይነት ውፍረት ብሎ ለየ። ከስኳር በሽታ ጋር ይበልጥ የሚያያዘው የመጀመሪያው ነው።

ዋናው ነገር ቦታው ነው። ሆድ ውስጥ አንጀትን ከቦ የሚቀመጠው ስብ ቶሎ ይሟሟል። ከእሱ የሚለቀቀው ቅባት ቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። በቅባት የተጨናነቀ ጉበት ደግሞ የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ሆርሞን፣ የኢንሱሊንን ትእዛዝ በደንብ አይሰማም። ደም ውስጥ በቂ ስኳር እያለ እሱ ሌላ ይጨምራል። የዳሌና የጭን ስብ ግን ከቆዳ ሥር ነው፤ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ትርፉን ተቀብሎ ጉዳት በማያደርስበት ቦታ ያኖረዋል። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ባነሰ ውፍረት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚይዛቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛው፦ የስብ ሴልን እንደ ጆንያ መቁጠር

ጆንያ የተሞላውን ይዞ ይቀመጣል። የስብ ሴል ግን ሥራ አለው። ስንበላ ስኳር ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ቆሽት ኢንሱሊን ይልካል። ኢንሱሊኑ ሲደርስ ሴሉ ውስጥ የነበሩ ግሉት 4 የሚባሉ የስኳር በሮች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ። ስኳሩ ይገባል። ከፊሉ ግሊሰሮል ይሆንና ቅባቶቹ ተያይዘው እንዲቀመጡ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ነው የፆታ ልዩነት የሚመጣው። የሴት አይጦች የስብ ሴሎች ለኢንሱሊን ከወንዶቹ ይበልጥ ፈጥነው እንደሚታዘዙ በላቦራቶሪ ታይቷል። በሰውም ቢሆን የወር አበባ በምታይ ሴት ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊን በአብዛኛው የተሻለ ይሠራል። ኤስትሮጂን የሚባለው የሴት ሆርሞን ያግዛል። አዲፖኔክቲን የሚባለው፣ ከስብ ሴል የሚወጣውና ኢንሱሊንን የሚረዳው ሆርሞንም በሴቶች ደም ውስጥ ከፍ ያለ ነው።

እውነት ነው፣ ከደም አብዛኛውን ስኳር የሚወስደው ጡንቻ እንጂ ስብ አይደለም። ቢሆንም የስብ ሴል ሲታመም ሌላውም ይታመማል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ግሉት 4ን ከአይጦች የስብ ሴል ብቻ ሲያጠፉት፣ ያልተነኩት ጡንቻና ጉበትም ለኢንሱሊን ደነዘዙ። በተፈጥሮ ስብ የሌላቸው ሰዎችም አሉ። ጤነኞች ይመስሉናል፤ ግን ብዙዎቹን ከባድ የስኳር በሽታ ያገኛቸዋል። ትርፉ የሚቀመጥበት ቦታ አጥቶ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባላ!

ሦስተኛው፦ «ሴት ነኝ፣ አይነካኝም» ማለት

ስለ ዳሌ ስብ ይህን ሁሉ ስል የወንድሜ ባለቤት ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ላጠፋባት አልፈለግሁም፤ ግን መናገር ነበረብኝ። ጥበቃው ዕድሜ ልክ አይቆይም። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጂን ይቀንሳል፤ ስቡም ወደ ሆድ ማምራት ይጀምራል። አክስታችን ራሳቸው በወጣትነታቸው ቦርጭ አልነበራቸውም፤ አሁን አላቸው። በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረች ሴት ደግሞ ማረጥን መጠበቅ የለባትም። ከወለደች በኋላም በየጊዜው ትመርመር። ስኳር በሽታ አንዴ ከያዘ፣ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ የነበረው የልብ ሕመም ሥጋታቸው በጣም ይጨምራል።

አራተኛው፦ ሚዛንን ብቻ ማመን

ሚዛን ስቡ የት እንዳለ አይነግርም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይነግራል። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ አውጥቶ፣ ሆድን ሳይስቡ ነው የሚለካው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለእኛ አካባቢ የሚጠቀምበት መነሻ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። እንደምታዩት ልኩም ለሁለቱ አንድ አይደለም።

አምስተኛው፦ የባዶ ሆድ ምርመራ ብቻ

በባዶ ሆድ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ፣ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ስኳር በሽታ ነው። ግን መጀመሪያ የሚታየው ብልሽት በወንዶች ብዙ ጊዜ በባዶ ሆድ፣ በሴቶች ደግሞ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ሴቶች፣ የባዶ ሆዱ ደህና ነው ቢባልም ሥጋት ካለባችሁ ሐኪሙን ስለ ሁለተኛው ጠይቁት።

ማርም ስኳር ነው

ይሄኛው የእኛው የጅማዎች ነው። «ማር የጫካ ነው፣ አይጎዳም» እንላለን። የጌራን ማር እኔም እወዳለሁ። ግን ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ ፍሩክቶሱን የሚቀበለው በዋናነት ያው ጉበት ነው። ከጫት ጋር የሚጠጣው ለስላሳም እንዲሁ። ቦርጭ ላለው ሰው ይሄ በተጨናነቀ ጉበት ላይ ሌላ ጭነት ነው።

ያን ዕለት ባለቤቱ ሜትር አምጥታ ወንድሜን ለካችው። 103 ሆነ። አክስታችን ዝም አሉ፤ ከዚያ ሲኒውን ተቀብለው «ለእሱ ያለ ስኳር ቅጂለት» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዱ ሊመረመር ይሄዳል። እሷም አብራው ትሄዳለች፣ የእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር ከፍ ብሎ ስለነበር።