ከውጭ አገር የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመልሶ ሥራ እንዴት ይፈለጋል

የአገልግሎት ጊዜያችሁ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ከቀሩት ሥራ ፍለጋው መጀመር ያለበት አሁን ነው። ብዙ ሰው ግን «መጀመሪያ አገሬ ልግባ፣ ቤተሰብ ልይ፣ ትንሽ ልረፍ» ይላል። ማረፉ አይከፋም። የሚከፋው፣ እረፍቱ አልቆ ማመልከቻ መጻፍ ሲጀመር የሚፈለገው ወረቀት ሁሉ ባሕር ማዶ ቀርቶ መገኘቱ ነው።

1. ሳትሳፈሩ ወረቀታችሁን ጨርሱ

በስንብት ዝግጅት ላይ የሚሰጠው ባለ ክፈፍ የምስክር ወረቀት ለግድግዳ እንጂ ለቀጣሪ ብዙም አይጠቅምም። «ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» ከማለት አያልፍም። የሚያስፈልጋችሁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ሙሉ ቀን ይሁን በከፊል፣ ዋና ዋና ተግባራችሁን እና የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት መያዝ አለበት። ማኅተም ካላቸው ይምቱበት።

ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ለአለቃችሁ ስጡት። ነውር የለውም፤ የተሳሳተ ካለ ያርመዋል። ከባዶ እንዲጽፍ ከጠበቃችሁት ግን በሁለት መስመር ይገላገላችኋል።

ፕሮግራማችሁ የራሱ ሰነድ እንዳለውም ጠይቁ። የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልክበት ፒስ ኮር አገልግሎታቸውን ለፈጸሙ በጎ ፈቃደኞች የሥራቸውን ዝርዝር የያዘ ይፋዊ የአገልግሎት መግለጫ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት የወጣቶች ፕሮግራም በሆነው በአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ኮር ያገለገሉ ደግሞ ዩዝፓስ የተባለውን ሰርተፊኬት ያገኛሉ። ዩዝፓስ ላይ ምን እንደተማራችሁ የምትጽፉት እናንተው ስለሆናችሁ፣ በመጨረሻው ሳምንት በጥድፊያ የተሞላ ዩዝፓስ ከዚያ ከባለ ክፈፉ ወረቀት አይሻልም።

ምስክር የሚሆኗችሁን ሰዎች የግል ኢሜይልና ስልክ ያዙ። እነሱም ብዙውን ጊዜ የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው፤ በዓመቱ ሌላ አገር ይሄዳሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልም ይዘጋል። ማንም የማያነሳው ስልክ ሲቪ ላይ ከሚሰፍር ባይሰፍር ይሻላል። የራሳችሁም የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ስለሚዘጋ የሥራ ናሙናችሁን አስፈቅዳችሁ አውጡ። የሕፃናትና የታካሚዎች ፎቶ ግን እዚያው ይቅር።

2. ሲቪውን እንደገና ጻፉት

ፍለጋው የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሲቪ የሚያነብ ሰው ልባችሁ ምን ያህል ደግ እንደሆነ ሊያውቅ አልተቀመጠም። «ይህ ሰው ነገ ቢገባ የትኛውን ሥራ ያቃልልልኛል?» ነው ጥያቄው። በጎ ፈቃደኛ የሚለውን ርዕስ አድርጋችሁ ከጻፋችሁ፣ ብዙ አንባቢ ሙያ የሌለበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ የሥራ መደቡ ይቅደም፣ በጎ ፈቃደኛነቱ ይከተል፦ «የመረጃ አያያዝ አስተባባሪ (በጎ ፈቃደኛ)»። ደብቁት ማለቴ አይደለም። ሲጣራ መታወቁ ስለማይቀር የደበቀ ሰው በውሸት ይጠረጠራል። ቦታውም ከሲቪው ግርጌ ከትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ጎን አይደለም። ሙሉ ቀን የሠራችሁት ከሆነ የሥራ ልምድ ነውና ከሌላው ሥራችሁ ጋር በጊዜ ቅደም ተከተል ይግባ።

ቀጥሎ ዝርዝሩ። «በገጠር ጤና ጣቢያ ኅብረተሰቡን አገልግያለሁ» ውሃ አያነሳም። ያንኑ ሥራ እንዲህ ጻፉት፦ «የመድኃኒት ክምችት መዝገብን ከወረቀት ወደ ኤክሴል አዛውሬ፣ ወርሃዊ ቆጠራውን ሁለት ባልደረቦች ያለ እኔ እንዲሠሩት አሠልጥኛለሁ።» የተሠራው፣ የተሠራበት መሣሪያ እና ከእናንተ በኋላ የቀጠለው ነገር በአንድ መስመር ይታያል። ቁጥር ካላችሁ ጨምሩ፤ ከሌላችሁ ግን አትፍጠሩ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት ለካችሁት?» ትባላላችሁ።

ከዚያ የሥራ ማስታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ቃላቱን አስተያዩ። ማስታወቂያው «የንብረት አስተዳደር» ካለ እናንተም የሠራችሁት ያው እስከሆነ ድረስ «የንብረት አስተዳደር» በሉ። የድርጅታችሁን ምህጻረ ቃል፣ የፕሮጀክቱን የቤት ስም፣ «የመስክ ትስስር» ዓይነቱን የእርዳታ ድርጅት ቋንቋ አውጡት። በሙያው የሌለ ጓደኛችሁን አስነብቡትና ምን እንደሠራችሁ መልሶ ይንገራችሁ። ካቃተው እንደገና ጻፉ። ሲቪ አሳማሪ የሚባሉትን ድረ ገጾች በበኩሌ አልመክርም፤ መልኩን እንጂ ይዘቱን አያስተካክሉም፣ አንዳንዱን በሁለት ዓምድ የተከፈለ ቅርጽም የማመልከቻ ማጣሪያ ሶፍትዌሮች አዘበራርቀው ያነቡታል።

3. ፍለጋው

ሊንክድኢናችሁን አስተካክሉ፣ ለቀድሞ ባልደረቦችና ከእናንተ በፊት ለተመለሱ በጎ ፈቃደኞች መመለሳችሁን ንገሩ። «ሥራ ካለ ንገረኝ» ከማለት «በግዢ ክፍል ሥራ እፈልጋለሁ፣ ከምታውቀው መሥሪያ ቤት ማንን ላናግር?» ማለት መልስ ያስገኛል። ለተመላሾች የተለየ የቅጥር ዕድል ካለ ቀነ ገደቡን እወቁ። ለምሳሌ ፒስ ኮርን በአግባቡ የጨረሱ ሰዎች የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያለ መደበኛው ውድድር ሊቀጥሯቸው ይችላሉ፤ መብቱ ግን ጊዜው ያልፋል።

የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም በገዛ አገራቸው የሚያገለግሉ ሰዎችንም ይመለምላል። እንደ መሸጋገሪያ ጥሩ ነው። የሥራ ፍለጋ ስለሰለቸ ብቻ ግን ወደ ሌላ ዙር መግባት ችግሩን ወደ ፊት መግፋት ነው።

4. ቃለ መጠይቅ

ከጠያቂዎቹ ወገን ተቀምጬ የታዘብኩት፣ ተመላሾች የሚወድቁት በእውቀት ማነስ አይደለም። «እኛ እዚያ የነበርንበት ቦታ እኮ…» እያሉ ሲጀምሩ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሉት ጠያቂዎቹ ዓይን ለዓይን መተያየት ይጀምራሉ፤ ሰውየው ገና ልቡ አልተመለሰም፣ ወይም ደግሞ ሊነቅፈን መጣ ይላሉ። ሁለት ታሪክ አዘጋጁ፣ እያንዳንዱ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተለወጠ። «እኛ» እያላችሁ የራሳችሁን ድርሻ አትዋጡት። መብራት ስለመጥፋቱና ስለመንገዱ ርዝመት የሚተርከው ለእራት ይቆይ።

«ተመልሰህ ትሄዳለህ?» መባሉ አይቀርም። ለምን እዚህ መሥራት እንደፈለጋችሁ ከዚያው መሥሪያ ቤት ሥራ ጋር አያይዛችሁ ባጭሩ መልሱ።

5. ደመወዝ

ቅጹ ላይ «የቀድሞ ደመወዝ» የሚል ካለ፣ የተከፈላችሁ የኑሮ አበል እንጂ ደመወዝ እንዳልነበረ በግልጽ ጻፉ። አበሉን ደመወዝ ብላችሁ ከሞላችሁት ድርድሩ ከዚያች ትንሽ ቁጥር ይነሳል። የምትጠይቁትን በተመሳሳይ መደብ ከሚሠሩ ሰዎች ጠይቁና ከዚያ ተነሱ፤ ቁጥሩን ስትናገሩም ይቅርታ አትጨምሩበት።