ስሙ ነው የሚሰፋው ወይስ እጅ? ውድ ብራንድ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የአክስቴ ልጅ ለሠርጉ ብሎ የገዛው ቀበቶ ሰፋበትና አንድ ቀዳዳ ሊያስጨምርበት ሰፈራችን ካሉ ጫማ ሰፊ ዘንድ ይዞት ሄደ። አብሬው ነበርኩ። ስሙን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዋጋውም ለመናገር የሚከብድ ነበር። ጋሼ በወስፌ ሲበሱት ከቀዳዳው ቡናማ ብናኝ ረገፈ። ጠርዙን በጥፍራቸው ሲልጡት ላዩ እንደ ላስቲክ ተገሸለጠ። “ልጄ፣ ይሄ እኮ የቆዳ ፍርፋሪ ነው። በሙጫ አጣብቀው ቀለም ቀብተውታል” አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆዳ ነገር ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው።

ዋጋውን የጥራት ምስክር ማድረግ

“ውድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም” እንላለን። ምክንያትማ አለው፤ ግን ምክንያቱ ሁልጊዜ ስፌቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የሚላን ፍርድ ቤት የፈረንሳዩን ፋሽን ቤት የዲዮርን ቦርሳ የሚያሠራውን የጣሊያን ኩባንያ ራሱ በሾመው አስተዳዳሪ ቁጥጥር ሥር አደረገው። ምርመራው እንዳሳየው አንዱን ቦርሳ ሠርቶ ለማስረከብ ለወርክሾፑ የሚከፈለው 53 ዩሮ ሲሆን፣ ያው ቦርሳ ሱቅ ውስጥ 2,600 ዩሮ ይሸጥ ነበር። እውነት ለመናገር 53ቱ ዩሮ የቆዳውን ዋጋ አይጨምርም፤ ንድፉ፣ የሱቅ ኪራዩና ማስታወቂያውም ለብቻ ነው። ኩባንያው አሠራሩን በማስተካከሉም ቁጥጥሩ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተነሥቶለታል። ይሁንና ሠራተኞቹ እዚያው በሚሠሩበት ቤት ያድሩ እንደነበር ሳነብ፣ ገዢው “ብዙ ከከፈልኩ ሠሪውም ብዙ አግኝቷል” ብሎ ማሰቡ ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ገባኝ።

ስሙ ያለበት ሁሉ ከባለ ስሙ እጅ የወጣ ይመስለናል

መነጽርን እንይ። ሬይባን፣ ኦክሌይና ፐርሶል የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ኤሲሎርሉክሶቲካ ይባላል። የፕራዳንና የሻኔልን መነጽሮችም በፈቃድ የሚያመርተው ይኸው ኩባንያ ነው። ፋሽን ቤቶቹ ስማቸውን ያከራያሉ ማለት ነው። ለዓይናችን የሚጠቅመው መስታወቱ የሞገድ ርዝመቱ እስከ 400 ናኖሜትር የሆነውን ጎጂ የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) ማገዱ ነው፤ ይህን ርካሽ መነጽርም ሊያደርገው ይችላል። መለኪያ ያለው መነጽር ቤት ገብቶ ማስመርመር ይቻላል።

“ሜድ ኢን ኢትዮጵያ” የሚል ሲያዩ መልሶ መስቀል

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ውጭ አገር ሱቅ ገብተው፣ ሸሚዙን ወደውት፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ጨርቅ አገላብጠው “የኛ አገር ነው እንዴ?” ብለው የሚተዉ ዘመዶች አሉኝ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል) እንደምታስወጣ ካስታወቀች በኋላ በ2021 መጨረሻ ዘግቶ ወጣ። በ2019 በዚያ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ሠራተኞቹ የሚሰፉት ዓለም አቀፍ ገዢው በሚጠይቀው ልክ ነው፤ ኢትዮጵያዊት ስለሰፋችው ስፌቱ አይላላም። የደጋ በጋችን ሌጦም ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት በዓለም ተፈላጊ ነው። የራሳችንን እጅ የምንንቀው ግን እኛው ነን።

“ልዩነቱ ለእኔ ይታወቀኛል” ማለት

እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች አንዱን የ5 ዶላር ወይን ጠጅ ለሰዎች ሁለት ጊዜ አቀመሱ፤ አንዴ በትክክለኛ ዋጋው፣ አንዴ “45 ዶላር ነው” ብለው። ሰዎቹ ውድ የተባለው በለጠብን አሉ። አንጎላቸው ውስጥ ደስታን የሚመዘግበው ክፍልም ከዋጋው ጋር አብሮ ጨመረ። ስሜቱ የእውነት ነበር፤ ወይን ጠጁ ግን ያው ነው።

ፌኩን እንደ ብልጠት መቁጠር

አስመስሎ የተሠራውን የሚገዛም የሚከፍለው ለስም ነው፤ ያውም ለተሰረቀ ስም። በዚያው ብር አዲስ አበባ ውስጥ ምልክት የሌለው፣ ገበሩ በደንብ የተሰፋ የቆዳ ቦርሳ ያገኛል።

ሁሉንም “ማጭበርበር ነው” ብሎ መደምደም

ይህም ስህተት ነው። የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ኤርሜስ ታዋቂ ቦርሳዎቹን በእጅ ነው የሚያሰፋው። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባል፤ መርፌዎቹ በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የማሽን ስፌት ግን አንዴ ከተበጠሰ መተርተር ይጀምራል። ቤቱ ከዓመታት በኋላም ይጠግናል። ዋጋው ሁሉ ለስፌቱ ነው አልልም፤ ስፌቱ ግን አለ። ሱቅ ውስጥ “ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?” ብሎ መጠየቅ ከስሙ የበለጠ ይናገራል።

ጋሼም ያን ቀበቶ ተዉት፤ ከድፍን የበሬ ቆዳ ሌላ ቆረጡለትና ጠርዙን በሁለት መርፌ ዙሪያውን ሰፉት። ዘለበቱ ጠንካራ ስለነበር ከድሮው ነቅለው አዲሱ ላይ ገጠሙለት። ለሠርጉ የታጠቀው ይሄኛውን ነው።