በቀይ አፈር የእጅ ምስል፦ ጨለማ ለሚፈራ ልጅ

ሰሜን ጣልያን ውስጥ፣ ቶይራኖ አጠገብ፣ ባሱራ የሚባል ዋሻ አለ። ከ14,000 ዓመት ገደማ በፊት አምስት ሰዎች በባዶ እግራቸው ገብተውበታል። ከመካከላቸው ሁለቱ ትንንሾች ነበሩ፤ አንዱ የ3፣ ሌላው የ6 ዓመት ገደማ። ይህ የታወቀው ጭቃው ላይ ከቀረው ዱካ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለበት ቦታ ደግሞ የጉልበት ምልክት አለ፤ እየዳኹ አልፈዋል ማለት ነው። የሚያበሩት የታሰረ የጥድ ጭራሮ ነበር። ውስጠኛው ክፍል ሲደርሱ ልጆቹ ከወለሉ ሸክላ አፈር እየዛቁ ድንጋዩ ላይ ለቅልቀዋል፤ ልቅላቂው እንደየቁመታቸው ከፍና ዝቅ ይላል።

ብቻውን የገባ ልጅ የለም፣ ባዶ እጁን የቆመም የለም። «ጅብ መጣ!» እየተባለ ያደገን ልጅ «ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ መተው ግን ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ፣ እጅን ካርቶን ላይ ጭኖ ዙሪያውን ቀይ ቀለም በመርጨት የእጁን ቅርጽ ማስቀረት፣ ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ይሆናል፤ ቀለሙ ቀድሞ ከተዘጋጀ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ቀለሙ። ንጹሕ ቀይ አፈር ፈልጉ። ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥና ከቆሻሻ መጣያ አካባቢ አትውሰዱ። አንድ ብርጭቆ ያህሉን በሙቀጫ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉት። አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጁንም በዚህ ሰዓት አርቁት። ዱቄቱን 4 ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጡና ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ አሸዋው ታች ይዘቅጣል። ላይ ያለውን ቀይ ውሃ ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፣ አሸዋውን ጣሉ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ መርጫው የሚደፈነው በዚያ አሸዋ ነው። ቀይ ውሃው ሲያድር አፈሩ ይቀመጣል፣ ውሃው ከላይ ይጠራል። የጠራውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ የቀረው ልስልስ ጭቃ ቀለማችሁ ነው።

ከዚያ ከጭቃው 2 የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አቅጥኑ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ነጭ ኮላ ጨምሩ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሩ። ውፍረቱ እንደ ወተት ይሁን። ኮላው የሚያስፈልገው ወረቀትና ካርቶን ላይ አፈሩ ሲደርቅ ስለሚረግፍ ነው። በአንዳንድ ዋሻዎች ከድንጋዩ የሚያዠው ኖራማ ውሃ በዘመናት ብዛት ስስ ሽፋን እየሠራ ቀለሙን ይዞታል፤ ካርቶን ይህን አያደርግም።

ጥንት እንዲህ ያለ የእጅ ምስል ዋሻ ግድግዳ ላይ ሲሠራ ቀለሙ በአፍ ወይም በአጥንት ቱቦ ይነፋ እንደነበር ይታመናል። ልጅ ግን በአፉ እንዳይነፋ፤ አፈር ውስጥ የጥገኛ ትል እንቁላልም ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። ፀጉር ቤት ውሃ የሚረጩበት ዓይነት ጠርሙስ በቂ ነው። ካልተገኘ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነክሮ በጣት መፈንጠር ይቻላል።

አሁን ወደ ክፍሉ። ካርቶኑን በልጁ ትከሻ ከፍታ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፉ። መጀመሪያ በብርሃን አንድ እጅ ሥሩ። መዳፉ ደረቅ ይሁን፣ ጣቶቹ ተዘርግተው ካርቶኑን አጥብቀው ይጫኑ። ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አጠር አጠር አድርጋችሁ እርጩ። ጠጋ ካላችሁ ቀለሙ ይወርድና ከጣቶቹ ሥር ይገባል፤ መዳፉ ከተነሳ ዳሩ ይደበዝዛል። እጁ ሲነሳ ባዶው ቦታ የእጅ ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይጮኻሉ፣ ይጩኹ።

ሁለተኛውን መጋረጃ ዘግታችሁ፣ ሦስተኛውን ዋናውን መብራት አጥፍታችሁ በባትሪ ብቻ ሥሩ። ባትሪውን የሚይዘው ልጁ ነው፤ ጨለማው በእሱ እጅ እንዳለ ማወቁ ዋናው መድኃኒት ነው። አንድ እጁ ባትሪ፣ ሌላው ካርቶን ላይ፤ የምትረጩት እናንተ ናችሁ። ሻማና ኩራዝ ካርቶን አጠገብ አታምጡ። «አብሩ!» ካለ ወዲያው አብሩ፣ «እስከ አሥር ቁጠር» ብላችሁ አትደራደሩ። በሁለተኛው ላይ ካበቃ ለዛሬ አብቅቷል፤ ከሳምንት በኋላ ከዚያው ቀጥሉ። ታላቅ ወንድሙ ፊት «ፈሪ» ከተባለ ግን የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል።

ሲደርቅ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ደቡብ ፈረንሳይ ያለው ጋርጋስ ዋሻ ውስጥ 27,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ከ200 በላይ የእጅ ምስሎች አሉ። የሚበዙት ግራ እጆች ናቸው፤ ቀኙ ቀለም ሲይዝ ግራው ይለጠፋል። ብዙዎቹ ጣት የጎደላቸው ይመስላሉ፤ ተቆርጦ ነው ወይስ ታጥፎ? ክርክሩ አላለቀም። ልጁ የቀለበት ጣቱን አጥፎ አንድ ምስል ይሥራና አጠገብ ለአጠገብ ያስተያይ። ከዚያ ከእጅ አንጓ እስከ መሃል ጣት ጫፍ በማስመሪያ ይለካ፤ ተመራማሪዎችም ዋሻ ውስጥ ልጆች መኖራቸውን የሚገምቱት በእጅ መጠን ነው። ምስሉ ከራሱ እጅ ትንሽ ከተለየ አይገረም፤ ቀለሙ በጎን ከተረጨ ቅርጹ ይቀየራል።

ስለ ቀይ አፈር ከጠየቀ ከአገሩ ንገሩት፦ ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ ከሚባለው ዋሻ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከ4,000 ቁራጭ በላይ የቀለም ድንጋይ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው።

እውነተኛ ጥንታዊ ሥዕል ወዳለበት ዋሻ ስትወስዱት ጠርሙሱ ቤት ይቅር። ሥዕሉ ይድመቅ ብሎ ንጹሕ ውሃ መርጨት እንኳ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ የጣት ላብና ቅባትም ያበላሸዋል። ባትሪውን ግን ያዙለት። ከፊት ሳይሆን ከጎን ሲያበራ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ሁሉ ጥላ እየጣለ ይወጣል።