ያገለገለ ላይትስክራይብ ዲቪዲ ራይተር ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚፈተሽ

የዲስኩን ፊት በሌዘር አጥቁሮ ስምና ሥዕል የሚያሰፍር የኮምፒውተር ዲቪዲ ራይተር ዛሬ አዲሱ አይመረትም። ላይትስክራይብ የተባለውን ይህን ቴክኖሎጂ የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ታይዋን ገበያም ይሁን ጥገና ቤት፣ የሚያገኙት ከአሮጌ ዴስክቶፕ የተፈታ ነው።

ስለዚህ ከራይተሩ በፊት ስለ ዲስኩ ይጠይቁ። ሌዘሩ የሚጽፈው የላይትስክራይብ ምልክት ባለው፣ ፊቱ ልዩ ቅብ በተቀባ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ በተራ ዲስክ ላይ ምንም አይወጣም። ዲስኩ ከሌለ በተራ ራይተር ዋጋ ይደራደሩ። የላይትስክራይብ ድረ ገጽ ስለተዘጋ ሶፍትዌሩንም ሻጩ አብሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ጀርባውን ይዩ። ጠባብ የሳታ መሰኪያ ካለው ጥሩ ነው። ሰፊ ባለ 40 ፒን አይዲኢ ከሆነ ግን አብዛኞቹ አዳዲስ ማዘርቦርዶች መሰኪያው የላቸውም፤ በርካሽ ቢሰጡዎትም ይለፉት።

ፓወር ሰጥተው ትሪውን ደጋግመው፣ አሥር ጊዜ ያህል፣ ያስወጡና ያስገቡ። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ትሪውን የሚጎትተው ትንሽ የላስቲክ ቀበቶ ይደርቃል፣ ይላላል። ያኔ ሞተሩ ሲጮህ ይሰማል እንጂ ትሪው አይወጣም። ቀበቶው ስለሚቀየር ይህ ብቻውን ራይተሩን አያስጥልም፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። ዲስክ ውስጥ ተቀርቅሮ ከቀረ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ የወረቀት ክሊፕ አቃንተው ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ይግፉ።

ዋናው ፈተና በርን ማድረግ፣ ማለትም ዲስክ ላይ ፋይል መጻፍ ነው። 4.7 ጊጋባይት የሚባለው ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 4.38 ሆኖ ይታያል፤ እስከ 4.3 ድረስ ይሙሉት። መቶ ሜጋባይት ጽፎ «ይሠራል» ማለት ራስን ማታለል ነው። ጽሕፈቱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚሄድ የደከመ ሌዘር ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው ጠርዙ ላይ ነው። ፍጥነቱን 16 ሳይሆን 8 ያድርጉት፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሲያልቅ የማረጋገጫ ምርጫውን (ቬሪፋይ) አይዝለሉ። ስህተት ካሳየ በሌላ ማርካ ዲስክ አንዴ ይድገሙ፤ ሁለተኛውም ካበላሸ ይመልሱት።

ብዙዎች የሚዘሉት ተራ ሲዲ መጻፍን ነው። ራይተሩ ለዲቪዲ ቀይ፣ ለሲዲ ደግሞ 780 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ ሌዘር ይጠቀማል። የዲስኩን ፊት የሚያጠቁረው ይኸው የሲዲው ሌዘር ስለሆነ፣ ዲቪዲ አሳምሮ እየጻፈ ሲዲ የሚያበላሽ ራይተር መለያ ጽሑፍም አያወጣልዎትም።

አሁን የላይትስክራይብ ዲስኩን ገልብጠው፣ ቅቡ ያለበትን ፊት ወደታች አድርገው ያስገቡ። ሙሉ ሥዕል በከፍተኛ ጥራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ርእስ ብቻ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ለሙከራ ይበቃል። ቀለም አይጠብቁ፣ የሚወጣው አንድ ዓይነት ጥቁር ግራጫ ነው። ከደበዘዘ ያንኑ ሥዕል በዚያው ዲስክ ላይ ይድገሙት። በዲስኩ መሃል ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች አቀማመጡን ስለሚነግሩት በትክክል በላዩ ላይ ያርፋል። «ዲስኩ አልታወቀም» ካለ ግን ይህ የመሃል ቀለበት አቧራ ወይም የጣት አሻራ ይዞ ሊሆን ስለሚችል በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። መብራት በጽሕፈቱ መሃል ከሄደ ዲስኩ ይበላሻል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለዎት በእሱ ይሥሩ።

ቤት ሲገጥሙት አራት ቀጫጭን ብሎን ይበቃል። ወፍራሙን የሃርድ ዲስክ ብሎን በካቻቢቴ አስገድደው ካስገቡት ጥርሱን ይበላዋል። የተጻፈባቸውን ዲስኮች መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ አይተዉ፤ ፀሐይ መለያ ጽሑፉን ታደበዝዘዋለች።