የኪስ ገንዘብ ማመልከቻዬ ሦስቴ ተመልሶ በአራተኛው ያለፈው እንዴት ነው?

በዩኒቨርሲቲያችን ምግብና ዶርም በወጪ መጋራት (ተመርቀን በምንመልሰው ክፍያ) ይሸፈናል፤ ሳሙናና ፎቶኮፒ ግን ከኪስ ነው። ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠውን የኪስ ገንዘብ ስጠይቅ «ማስረጃው አልተሟላም» ተብሎ ተመለሰብኝ። ምኑ እንደጎደለ የሚነግረኝ የለም።

መጀመሪያ ችግረኛ መሆኔን የሚያስረዳውን የቀበሌ ደብዳቤ ኮፒ በዋናው ቀየርኩ። አልሆነም። ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ ከእናቴ ቀበሌ ሌላ ደብዳቤ አጻፍኩ። ያው። (የሚኒባሱ ሒሳብ ራሱ ድጋፍ ይፈልግ ነበር።)

አንድ ሲኒየር ደብዳቤውን ገና ሲያየው ሳቀ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ክቡ ማህተም አለ፤ የደብዳቤው የወጪ ቁጥርና የፈራሚው ቲተር (ስምና ኃላፊነቱን የሚያሳየው ማህተም) ግን የለም። የተጻፈው የእናቴ ስም ብቻ ነው፤ የእኔ የትም የለም።

በማግስቱ ደብዳቤውን በቀጥታ ለተማሪዎች ዲን፣ ስሜን እስከ አያት ጨምሬ አጻፍኩ። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሞሉበት፤ ቲተሩም ተመታ። ስሙን ፊደል በፊደል ከመታወቂያዬ ጋር ሳላመሳክር ከቢሮው አልወጣሁም። በአራተኛው አለፈ።