ቅንፉ ውስጥ የጠፋው ቅናሽ

የእህቴ ልጅ 8ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የሂሳብ የቤት ሥራዋ አልስተካከል ብሏት ነበር። ጥያቄው ይኸው፦ 7 − 2(ሀ − 3) = 5። እሷ ሀ = −2 ብላለች።

ስህተቱን አልነገርኳትም። «እስቲ −2ን መልሰሽ አስገቢ» አልኳት። 17 መጣ፤ 5 መሆን ነበረበት። ከዚያ መስመር በመስመር ስናይ ተገኘ፦ 7 − 2ሀ + 6 መሆን ሲገባው 7 − 2ሀ − 6 ብላ ጽፋለች።

«ነጌቲቭ በነጌቲቭ ፖዘቲቭ» የሚለውን እንደሆነ በቃሏ ትወጣዋለች። (እኔም በልጅነቴ እወጣው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው!) ስለዚህ በሐሳብ ሱቅ ወሰድኳት። 200 ብር ይዘሽ የ30 ብር ደብተር ሁለት ገዛሽ እንበል። ባለሱቁ በእያንዳንዱ 5 ብር ቀነሰልሽ። 200 − 2(30 − 5) ማለት ነው። መልስሽ ስንት ነው?

«150» አለች ወዲያው።

በአንቺ አሠራር ግን 200 − 60 − 10 ነው፤ 130 ይሆናል።

«እንዴ አጎቴ፣ 20 ብሬን በላኝ እኮ!»

ቅናሹ ወደ ኪሷ ስለሚመለስ ነው +10 የሚሆነው። ይቺን ካየች በኋላ ጥያቄዋን ራሷ ጨረሰችው፦ 13 − 2ሀ = 5፣ ሀ = 4። አስገብታም አረጋገጠች።

በቤት ሥራዋ ላይ የነበረው የስታቲስቲክስ ጥያቄ ግን ቀላል ነበር። የ8፣ 3፣ 9፣ 5፣ 6 ሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ሲጠየቅ ሳትደረድር መሃል ላይ ያለውን 9 ጽፋለች። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድረው 6 ሆነ፣ አለቀ።

አሁን ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ስታይ በቀይ እስክሪብቶ ትከብበዋለች። «ባለሱቁ መጣ» እያለች።